እስክሪብቶ መሆኑንማ ሁላችንም እናያለን

(ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። መምህር የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን ባትቸኩሉበት ደስ ይለኛል።)

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ሳይመጣ የሚያልፍ ወር የለም። “ቲቸር፣ ልጆቹ እንግሊዝኛ አይናገሩም። ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?” የሚል ነው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች እዚሁ ቱላ ያስተማርኳቸው፣ ዛሬ ራሳቸው ጠመኔ የያዙ ናቸው። ለእያንዳንዳችሁ ቁርጥራጭ መልስ ከምልክ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ልጅ በባዕድ ቋንቋ አፉን የሚፈታው፣ እሱ የሚያውቀው አድማጩ ግን የማያውቀው ነገር ሲኖረው ነው። የመምህሩ ዋና ሥራ ይህን አጋጣሚ በየቀኑ መፍጠር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

እስቲ የለመድነውን ክፍል አስቡት። መምህሩ እስክሪብቶ ከፍ አድርጎ “ዋት ኢዝ ዚስ?” ይላል። ሰባ ልጅ በአንድ ድምፅ “ዚስ ኢዝ ኤ ፔን!” ብሎ ጣራውን ያነቃንቀዋል። ሱፐርቫይዘር ቢመጣ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ክፍሉ ንቁ ነዋ። ግን እስክሪብቶ መሆኑንማ ሁላችንም እናያለን! በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ አንድ ሰው እስክሪብቶ አውጥቶ “ይህ ምንድን ነው?” ብሏችሁ ያውቃል? ቢላችሁ “ሰውዬው ምን ነክቶታል?” ነው የምትሉት። ለአዲስ ቃል ድምፅ መለማመጃ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ለአምስት ደቂቃ ይሁን፤ አልቃወምም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሆን ግን ልጁ እንግሊዝኛ ማለት ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር እንደሆነ ይማራል። ከዚያ 9ኛ ክፍል ሲደርስ “አስተያየትህን ተናገር” ስንለው ዝም ይላል። ምን ይበል? ተጠይቆ የማያውቀውን ነው የጠየቅነው።

ቱላን ለማታውቁ፦ በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ሥር፣ ከከተማው መሃል ወደ ደቡብ ወጣ ብላ ያለች፣ ግማሽ ጎኗ ከተማ ግማሽ ጎኗ ገጠር የሆነች አካባቢ ናት። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው የሚያወሩት ሲዳምኛ ነው። ሐዋሳ ሲወርዱ አማርኛ ይቀላቅላሉ። ክፍል ሲገቡ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ በእንግሊዝኛ አደረገው። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ እንግሊዝኛ ሲከብደው የሚከብደው አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም አብረው ይዘጉበታል።

አንድ ልጅ ነበረኝ፤ የባጃጅ ሞተር ድምፅ ሰምቶ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ የሚናገር። ሰፈሩ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ያማክሩት ነበር። ክፍል ውስጥ ግን የፊዚክስ ጥያቄ ሲነበብለት አንገቱን ይደፋል። 10ኛ ክፍል ላይ “ቲቸር፣ የኔ ጭንቅላት ለትምህርት አይሆንም” ብሎኝ ትምህርቱን አቋረጠ። ጭንቅላቱ ምንም አልሆነም ነበር። ስለ ሞተር የሚያውቀውን በእንግሊዝኛ እንዲናገር በልጅነቱ ዕድል ያገኘበት ክፍል አለመኖሩ ነው። ይህ ጉዳይ ለእኔ የማስተማር ዘዴ ክርክር ብቻ የማይሆነው ለዚህ ነው። ማን “ጎበዝ” ማን “ሰነፍ” እንደሚባል የሚወስን ሆኗልና።

የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እንግሊዝኛ ላይ አልለጥፍም። ግን ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ እንደሆነ አንርሳ።

የቱላ ልጅ ደሞ ሌላ ቦታ የማይታይ ፈተና አለበት። ሲዳምኛ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ፊደሎቹ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ይመስላሉ፤ ድምፃቸው ግን ይለያያል። በሲዳምኛ “ሲ” የምትባለዋ ፊደል “ጨ” ናት። “ኤክስ” ደግሞ “ጠ” ናት። ስለዚህ አንደኛ ክፍል በራሱ ቋንቋ ማንበብ በደንብ የተማረ ልጅ፣ እንግሊዝኛ መጽሐፉ ላይ የድመቷን ሥዕል አይቶ “ካት” በማለት ፋንታ “ጫት” ብሎ ሊያነበው ይችላል! “ቦክስ”ን “ቦጥ” ቢለውም አትሳቁበት። ልጁ አልተሳሳተም፤ የተማረውን ሕግ በትክክል ነው የተጠቀመው። ሲዳምኛ የማይችል መምህር ይህን “ስንፍና” ይለዋል። የሚያውቅ መምህር ግን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ “ይህች ፊደል ቤት እንዲህ ትጮሃለች፣ እንግሊዝ አገር ስትሄድ ደግሞ እንዲህ” ብሎ በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የሚያውቀውን ለማያውቀው መናገር ከፈረንጅ የመጣ ግኝት እንዳይመስላችሁ። እዚሁ አገራችን አለ።

እኔ ያደግኩት ጎጃም ነው፤ ታላቅ ወንድሜ የቅኔ ተማሪ ነበር። ግዕዝ ዛሬ ማንም ሕፃን አፉን የሚፈታበት ቋንቋ አይደለም። የጎጃም ገበሬ ልጅ እንደ ባዕድ ቋንቋ ነው የሚማረው። ታዲያ ቅኔ ቤት ምን ያደርጋል? ተማሪው ግሱንና አገባቡን እያጠና፣ ጎን ለጎን የራሱን ቅኔ እንዲቆጥር ይገደዳል። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ሌላ ሰው የተቀኘውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። በሁለት ቤትም ቢሆን አዲስ ነገር፣ የራስህን ነገር ማምጣት አለብህ። መምህሩም ሆኑ ጓደኞችህ ጆሯቸውን አቁመው የሚሰሙህ ምን እንደምትል ስለማያውቁ ነው። በእኛ እንግሊዝኛ ክፍል የጎደለው ይኸው ነው። እኛ መወድሱን እናስሸመድዳለን፤ ጉባኤ ቃናውን አናስቆጥርም።

ሲዳማም የራሱ አለው። ሽማግሌዎች ጉዱማሌ ላይ ሲመክሩ የሚያዘወትሯት “አፊኒ” የምትባል ቃል አለች። “ሰምታችኋል ወይ?” እንደማለት ነው። ነገሩ ሳይሰማ፣ ሳይጣራ፣ ወደ ውሳኔ አይኬድም። ተናጋሪ አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል፤ አድማጭ መስማቱን ያረጋግጣል፤ ጥያቄ ካለው ይጠይቃል። ልጆቹ ይህን ከአያቶቻቸው ሲሰሙ ነው ያደጉት። መናገር አያፍሩም፤ የሚያፍሩት ባዶ ነገር መናገር ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ያየነው ደግሞ ፕላዝማ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ቴሌቪዥኑ ክፍል ሲገባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። መምህሩ ከስክሪኑ ውስጥ በፈጣን እንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ለመልስ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ “ቬሪ ጉድ!” ብሎ ይቀጥላል። ስንቀልድበት ኖረናል። ግን ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። መልሳችሁን ለማይሰማ ሰው ቋንቋ መናገር አይቻልም። እውነቱን ለመናገር ቴሌቪዥኑ ወጥቶ ሰው ሲተካም ይህ ጠባይ አልለቀቀንም።

እሺ፣ ነገ ጠዋት ክፍል ምን ይደረግ? ሰባ ልጅ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት፣ መጽሐፍ ለሁለት፣ ፎቶኮፒ የለም። በዚህ ሁኔታ የሠሩልኝን እነሆ።

1. የማታውቁትን ጠይቁ።

ግማሽ ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ነበረችኝ። አንድ ቀን ለክፍሉ “ዋሳ እበላለሁ፤ ከእንሰት ተነስቶ እንዴት ሳህኔ ላይ እንደሚደርስ ግን ደረጃ በደረጃ አላውቅም። በእንግሊዝኛ አስረዱኝ” አልኩ። ያቺ ልጅ እጇን አወጣች። “ፈርስት፣ ማይ ማዘር ከት ዘ እንሰት” ብላ ጀመረች። መፋቅ የሚለው ቃል ሲጠፋት በእጇ አሳየችን። “ስክሬፕ” አልኳት። “የስ ቲቸር፣ ስክሬፕ!” ብላ ቀጠለች። በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ እንደሚገባ ስትነግረኝ “ፎር ሃው ሜኒ ዴይስ?” አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቅ እያለች “ኖት ዴይስ ቲቸር። መንዝስ!” አለችኝ። ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል ማለቷ ነው። በዚያች ደቂቃ አዋቂዋ እሷ ነበረች፣ ተማሪው እኔ። ግሷ ልክ አልነበረም፤ ነገሩ ግን ገብቶኛል። “ስክሬፕ” የሚለውን ቃል ደግሞ ሌላ ጊዜ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ክፍሉ በሙሉ ያዘው።

የእናንተም ልጆች የሚያውቁት እናንተ የማታውቁት ስንት ነገር አለ! ቡና መቼ ይለቀማል? አቮካዶ መብሰሉ በምን ይታወቃል? ባጃጅ ጠዋት አልነሳ ሲል ምን ይደረጋል? የፊቼ ጨምባላላ ዕለት እናንተ ቤት ምን ይሠራል? እነዚህ ጥያቄዎች ቻይና ወይም ለንደን የታተመ መጽሐፍ ውስጥ አይገኙም።

2. ዝምታውን ታገሡት።

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያጠኑት ነገር አለ። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ወይ ራሳቸው ይመልሳሉ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መሳተፍ ጀመሩ። ያ ጥናት ልብ በሉ፣ የሳይንስ ክፍል ውስጥ ነው። የኛ ልጅ እኮ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በሲዳምኛ አስቦ፣ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ማምጣት አለበት። እኔ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ላይ ይጨንቃል። ሰባተኛው ላይ እጅ ይወጣል።

3. አንድ ነገር ለሦስት ሰው።

የኒውዚላንዱ ምሁር ፖል ኔሽን በሰፊው ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ተማሪው አንድ ታሪክ ለአንድ ሰው በአራት ደቂቃ ይናገራል፤ ያንኑ ለሌላ ሰው በሦስት፤ ለሦስተኛው ደግሞ በሁለት ደቂቃ። አድማጩ ስለሚቀያየር ታሪኩ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ተናጋሪው ግን እየቀለለው፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ለኛ ልጆች አራት ደቂቃ ይበዛል፤ እኔ በሁለት ጀምሬ፣ አንድ ተኩል፣ ከዚያ አንድ አደርጋለሁ። ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ አንዱ ረድፍ ብቻ ተነስቶ ወደ ጎን ይሸጋሸጋል። በዚህ መንገድ ከሰባው ሠላሳ አምስቱ በአንዴ ይናገራሉ። በተለመደው መንገድ በ40 ደቂቃ ውስጥ ስንት ልጅ ይናገራል? አምስት? እነዚያም ሁሌ የፊት ዴስክ ልጆች ናቸው አይደል?

ክፍሉ ይጮሃል። አዎ ይጮሃል። ለጎረቤት ክፍል መምህር ቀድማችሁ ንገሩት፤ ያልሰማ ዳይሬክተር በር ላይ መጥቶ “ምንድን ነው ይሄ?” ሊላችሁ ይችላል። ገበያ ዝም ብሎ አያውቅም በሉት።

4. ሲዳምኛውን በር ላይ አታስቁሙት።

“እዚህ ክፍል እንግሊዝኛ ብቻ!” የሚል ወረቀት የለጠፈ ክፍል ብዙ አይቻለሁ። ውጤቱ እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ዝምታ ብቻ ነው። እኔ ከመናገራቸው በፊት ሁለት ደቂቃ በሲዳምኛ እንዲመካከሩ እፈቅዳለሁ፤ ሐሳቡን መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ ያበጁታል። ከዚያ ሰዓቱ ሲደርስ እንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ላይ አልደራደርም። መካከሩ በሲዳምኛ፣ ማቅረቡ በእንግሊዝኛ። የባዮሎጂ መምህራን ወዳጆቼም ሞክሩት፤ ልጁ ፎቶሲንተሲስን በሲዳምኛ ለጓደኛው ማስረዳት ካልቻለ እንግሊዝኛው ላይ የሚጽፈው ሽምደዳ ነው።

5. አንብባችሁላቸው እነሱ ይገንቡት።

ስድስት ሰባት ዐረፍተ ነገር ያላት አጭር ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ታነባላችሁ። መጀመሪያ ይሰማሉ፤ ሁለተኛው ላይ ያዙኝ ያዙኝ የሚሏቸውን ቃላት ብቻ ይጽፋሉ። ከዚያ በአንድ ዴስክ ያሉት ሦስቱ ያላቸውን ቃል አዋጥተው ጽሑፉን እንደገና ይሠሩታል። አንዱ የሰማውን ሌላው አልሰማም፤ ስለዚህ መጠያየቅ ግድ ነው። መጽሐፍ አይፈልግም፣ ፎቶኮፒ አይፈልግም። ሰዋስው የሚገባቸውም እዚህ ጋ ነው፤ “ዌንት ነው ጎ ያለችው?” ብለው ሲከራከሩ ስትሰሙ አትግቡ። ይከራከሩ።

6. እርማቱን አዘግዩት።

ቱላ ስመጣ ሲዳምኛ አንድ ቃል አልችልም ነበር። የተማርኩት ገበያ ነው። አቮካዶ የምትሸጥልኝ እናት አንድም ቀን ሰዋስዌን አርማኝ አታውቅም፤ የምታርመኝ ሒሳቤን ነበር! የፈለግኩትን ትሰማለች፣ በትክክለኛው አባባል መልሳ ትነግረኛለች፣ እኔም በሚቀጥለው ሳምንት እንደ እሷ እለዋለሁ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። ልጅ “ሺ ጎ ማርኬት የስተርዴይ” ሲል “ኦህ፣ ሺ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት? ዋት ዲድ ሺ ባይ?” በሉት፤ ወሬው ይቀጥላል፣ ትክክለኛውም ጆሮው ይገባል። ተደጋግሞ የሰማችሁትን አንድ ስህተት ብቻ ያዙና የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ላይ፣ የማንም መሆኑን ሳትናገሩ፣ ሰሌዳ ላይ አርሙት። ሌላው ልጅ ሲሳሳት የሚስቅ ካለ ግን እሱን ወዲያው አስቁሙት። አንድ ሳቅ የአንድ ዓመት ዝምታ ያመጣል።

ሁሌ የሚነሳውን ክርክር አውቀዋለሁ። “ቲቸር፣ ፈተናው ምርጫ ነው፤ መናገር አይጠየቅም። መጽሐፉም አያልቅልንም።” እውነት ነው፣ ማክበብ ነው። ነገር ግን ሜሪል ስዌይን የተባሉ ካናዳዊት ምሁር በ1985 (እ.ኤ.አ.) የጻፉትን አስቡ። እዚያ አገር ትምህርታቸውን ለዓመታት በፈረንሳይኛ የተማሩ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ሰምቶ በመረዳት ግሩም ነበሩ፤ ንግግራቸውና ጽሑፋቸው ግን ወደኋላ ቀርቷል። የእሳቸው መደምደሚያ መስማት ብቻውን አይበቃም፣ ልጁ ራሱ ማውጣት፣ ሲያወጣም የጎደለውን ማየት አለበት የሚል ነው። እነሱ በቂ መምህር፣ በቂ መጽሐፍ እያላቸው ይህ ከሆነ፣ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ለሚሰማ ልጅ እንዴት ይሆን? እኔ ያየሁት፣ ራሱ ዐረፍተ ነገር የሠራ ልጅ ፈተና ላይ የሌላውን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ አይደነግጥም። መጽሐፉን በተመለከተ ደግሞ፣ መምህሩ የጨረሰው መጽሐፍ ልጁ የጨረሰው አይደለም።

“የኔም እንግሊዝኛ እኮ ብዙ አይደለም” ለምትሉኝ ደግሞ፦ ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ የእንግሊዝ ሰው ዓይነት አነጋገር የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠይቀው ጆሮ ነው። በትንሽ ቃል መልስ መስማት የሚችል መምህር፣ በብዙ ቃል ብቻውን ከሚያወራ መምህር የተሻለ ያስተምራል።

ሁሉንም በአንዴ አትጀምሩ፤ ትደክሙና ትተዉታላችሁ። በዚህ ሳምንት አንዷን ብቻ ያዙ። መልሷን በእውነት የማታውቋትን አንድ ጥያቄ አዘጋጁ፣ ሁለት ደቂቃ በሲዳምኛ ይመካከሩ፣ ከዚያ ጠይቁና እስከ አሥር ቁጠሩ። የኋላ ዴስክ ላይ ያለውን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ቁጠሩ።

ሞክራችሁ ምን እንዳጋጠማችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በአማርኛም፣ በሲዳምኛም፣ በእንግሊዝኛም ይሁን። ያልሠራውንም ጻፉ፤ እሱን ነው ይበልጥ የምፈልገው። ልጆቻችሁ ያስተማሯችሁን አዲስ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። የመስከረሙን ፈተና ሳይሆን የልጆቹን ድምፅ ንገሩኝ።

መልካም የትምህርት ሳምንት ይሁንላችሁ።